ቢጫው የወፍ እግር የሚበቅልበት

በቅሎዋ ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ አለች። የፊት እግሮቿን ከሸምበቆው ዳር ተክላ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ነጂዋ ቢያባብላትም ቢሰድባትም ንቅንቅ አልል አለች። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ጉሙ ከረግረጉ ላይ ተነሥቶ የሰዎቹን ወገብ ውጦታል፤ ከወገብ በላይ ብቻ ሆነው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከኋላ፣ ከድንጋዩ መንገድ በኩል፣ የፈረስ ኮቴ እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል።

"ሳጥኑን ለሰው አሸክምና ተዋት" አለ ሻለቃው።

"ኧረ ትገባለች ጌታዬ" አለ ነጂው። ከአንገቱ ላይ ሻሹን ፈትቶ የበቅሎዋን ዓይን ሸፈነ፤ አንገቷን ደባበሰና ወደፊት ሳባት። በቅሎዋ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለች ተከተለችው። "አዩልኝ? አንዳንድ ጊዜ አለማየት ይሻላል።"

መርፌ ይህን ስትሰማ የአማቷን እጅጌ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አባ ቅጠል ግን ነገሩ ጨርሶ የማይመለከታቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ ጉሙ አቅንተው ፈገግ አሉ።

የአባ ቅጠል ዓይን በሞራ ተሸፍኖ ብርሃኑን ካጣ ቆይቷል። ይህን የምታውቀው ምራታቸው መርፌ ብቻ ናት። ወይም እሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር። የቤተ መንግሥቱን አትክልት ቦታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአለቅነት የመሩ ሰው ናቸው፤ ቅጠል ሳያነሡ አንድ እርምጃ ስለማይራመዱ ነው አሽከሩም መኳንንቱም አባ ቅጠል ያላቸው። ዓይናቸው ሲከዳቸው ሹመቱም ቤቱም እንዳይሄድባቸው ፈሩ። ያን ጊዜ ነው ምራታቸው አጠገባቸው መሄድ የጀመረችው። ደረጃ ሲመጣ ክርናቸውን ጫን ታደርጋለች፤ ሰው ሲመጣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ሰውየው ባለማዕረግ ከሆነ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። ሰው ሁሉ ምስኪኗ ሳል አለባት ይል ነበር።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት የጥልፍ ቤቱ ሴቶች ናቸው። ሰውነቷ ቀጭን ነው፤ ምላሷም ይወጋል። በሐር ላይ አበባ ስትጠልፍ ንብ ይመጣበታል ብለው ይቀልዱባት ነበር።

ዛሬ አባ ቅጠልን እዚህ ያመጣቸው የንግሥቲቱ ትእዛዝ ነው። ንጉሡ ሞተው የንግሥቲቱ የእንጀራ ልጅ ዘውዱን ከጫነ በኋላ፣ አሮጊቷን ንግሥት በተራራው ምሽግ ሊዘጋባቸው ፈረሰኞች ልኳል። መርከብ ከረግረጉ ማዶ፣ ከባሕሩ ዳር ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ማታ የባሕሩ ውሃ ከዳር ሲሸሽ ግን አብራ ትሄዳለች። መንገዱን ሁሉ ፈረሰኛ ይዞታል። ፈረስ የማይገባበት ረግረጉ ብቻ ነው፤ ረግረጉን ደግሞ በእግሩ ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነው። አባ ቅጠል በጎልማሳነታቸው፣ ለሟቹ ንጉሥ የዱር አበባ ሲሰበስቡ፣ በጋ በመጣ ቁጥር እዚህ ውስጥ ይከርሙ ነበር።

"መሪያችን፣ እንግዲህ በየት በኩል ነው?" አለ ሻለቃው። ረዥም፣ ጺሙ በሥርዓት የተከረከመ ሰው ነው።

አባ ቅጠል የምርኩዛቸውን ጫፍ ለመርፌ አቀበሏት። "ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ልጄ ትቅደምና ትጎትተኝ" አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ከእግርሽ ሥር ምን አለ?"

"ሣር። በሣሩ መሐል ነጭ፣ ክብ፣ እንደ ትንሽ የሐር ኳስ ያለ አበባ።"

"ቅጠሉ?"

"ሦስት ሦስት። በየቅጠሉ ላይ የደበዘዘ የጨረቃ ምልክት አለበት።"

"ነጭ ማገጥ ነው" አሉ አባ ቅጠል፤ ፊታቸው ፈካ አለ። "እሱ እግር የረገጠውን መሬት ነው የሚወደው። ከብት ያልሄደበት፣ ሰው ያልዘለቀበት ቦታ አታገኚውም። የድሮው መንገድ ከሥሩ አለ ማለት ነው። እሱን ተከተይ።"

ተከተለችው። ከኋላዋ ምርኩዙን የያዙት አማቷ፣ ከሳቸው ኋላ ሻለቃው፣ ከዚያ አራት ሰዎች የተሸከሙት የንግሥቲቱ ቃሬዛ፣ ከዚያ ሳጥን የጫነችው በቅሎና ጥቂት ወታደሮች። ጉሙ ድምፅ ሁሉ ይውጣል። የቃሬዛው መጋረጃ ላይ የተጠለፉት አበቦች የሷ እጅ ሥራ ናቸው፤ አሁን ጤዛ ይዟቸው እውነተኛ መስለዋል። ቀኑ ይግፋ አይግፋ አይታወቅም። አንዳንዴ አንዲት ወፍ ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ቃል ትናገርና ያንኑ ቃል ሌላዋ ከሩቅ ትመልስላታለች። መርፌ የምትሄደው በሕልሟ ውስጥ ይሁን በመሬት ላይ እየቆየ ጠፋባት፤ እጇ ላይ ያለው ምርኩዝ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው የሚነግራት።

"አሁንስ?"

"ማገጡ አለቀ። ከቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ነው ያለው። አበባው ወይን ጠጅ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የተሰለፉት።"

"አንዷን አበባ ቀንጥሺና ንገሪኝ።"

ቀነጠሰች። ይህን ከጥልፍ ትምህርቷ ቀድማ ነው የተማረችው፤ ወደ ባሏ ቤት በሙሽራነት የገባች ሰሞን አማቷ ምሳ ላይ የአተር አበባ ይዘው ቀርበው፣ "የዚህ ቤተሰብ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰንደቅ ከላይ፣ ሁለት ክንፍ ከጎን፣ አንዲት ጀልባ ከታች። ሽምብራም ብትሆን ምስርም፣ ባቄላም ብትሆን የዱር ሐረግ፣ መልኩን አይደብቅም" ብለዋት ነበር። ባሏ ያን ጊዜ ስቆ፣ "አባባ፣ ለሙሽራ የሚነገረው ይሄ ነው?" አላቸው።

"ሰንደቁ ትንሽ ነው" አለች። "ከቅጠሉ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ጥምጥም ወጥቶ ቁጥቋጦውን ጨብጧል።"

"ያ መልካም ነው። የሚይዘው ያጣ ሐረግ አይኖርም፤ ቁጥቋጦ ካለ ሥር የሚሰድበት አፈር አለ። በቁጥቋጦው ጥግ ጥግ።"

ባሏ፣ የአባ ቅጠል አንድ ልጅ፣ መሳፍንቱ ወንድማማቾች ለዘውድ የተዋጉበት ጦርነት በተጀመረ ሰሞን አንድ ድልድይ ላይ ሲዋጋ ወደቀ። መርዶው በመጣ ዕለት ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ መሸባቸው። በማግስቱ ጠዋት፣ እሷ ዓይኗ አብጦ ከክፍሏ ስትወጣ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ "ነይ እስቲ፤ ይቺ አበባ ስንት ቅጠል አላት?" አሏት። መርፌ ስንት እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከሚጠይቋት በላይ አንዲት ቃል ጨምራ አታውቅም። ቀለም ካሏት ቀለም፣ ቁጥር ካሏት ቁጥር። ትናንት ማታ ጓዝ ሲሸክፉ፣ "ረግረጉን ካሻገርኩዎት በኋላ ከባሕሩ ዳር ጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ" አለቻቸው። "መልካም" አሉ።

ቁጥቋጦዎቹ አልቀው ሜዳው ሲከፈት ፀሐይ ጉሙን ከላይ ማሳሳት ጀምራ ነበር። ከፊታቸው የተነጠፈው ቢጫ ምንጣፍ ነው፤ እስከሚታየው ድረስ ቢጫ፣ እንቡጦቹ ጫፋቸው ላይ እንደ በርበሬ ቀላ ያሉ። መርፌ ድካሟን ረሳች። እንዲህ ያለ ቀለም የሚያወጣ ክር ጥልፍ ቤቱ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

"ቢጫ ነው አባባ። እንቡጡ ቀይ ይነካዋል። ፍሬውን የያዘው የደረቀ ዛላ እንደ ወፍ ጣቶች ተዘርግቷል።"

"የወፍ እግር" አሉ አባ ቅጠል። "ደረቅ ሜዳ ነው። በርቺ፣ ሂጂ።"

ሻለቃው ደረቅ ሜዳ የሚለውን ሰምቶ ሰዎቹን አስቀደመ። በቅሎዋ፣ ዓይኗ እንደተሸፈነ፣ ከመርፌ ጎን አልፋ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ምድር እንደ ሊጥ ተከፈተላትና እስከ ሆዷ ገባች።

የተፈጠረው ግርግር ብዙ አልቆየም፤ ለመርፌ ግን የዓመት ያህል ረዘመባት። ነጂው በደረቱ ተኝቶ ልጓሙን ያዘ፤ ወታደሮቹ ነፍጣቸውን ጥለው ገመድ ወረወሩ፤ አንዱ ጫናውን በጩቤ በጠሰ። ሳጥኑ፣ የንግሥቲቱ ካባና የወርቅ ዕቃ ያለበት ሳጥን፣ ጭቃው ላይ ትንሽ ተንሳፈፈና አረፋ እያወጣ ወረደ። በቅሎዋ ሸክሙ ሲቀልላት ተንፈራግጣ ወጣች። መርፌም እሷን ለመርዳት ምርኩዙን ለቅቃ ነበር። ዞር ስትል አባ ቅጠልን አየቻቸው። ሁለት እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ "ልጄ? ልጄ የት ነሽ?" እያሉ በቀጥታ ወደ ማጡ ይሄዳሉ።

ሻለቃው ከወገባቸው ያዛቸው። ከዚያ መዳፉን በዓይናቸው ፊት አመላለሰ። ሽፋሽፍታቸው አልተርገበገበም።

"ዕውር ነህ" አለ። ከጠዋት ጀምሮ "እርስዎ" ሲላቸው የነበረ ሰው ነው።

"ነኝ" አሉ አባ ቅጠል።

"ዕውር ዕውርን ቢመራ ሲባል ሰምቻለሁ። ዕውር ንግሥት ሲመራ ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ብሎ አጉረመረመ ነጂው የበቅሎዋን ጭቃ እየጠረገ።

ሻለቃው ወደ መርፌ ዞረ። "አንቺም ታውቂ ነበር። ሁለታችሁንም እዚሁ ጥያችሁ ብሄድ ማን ይፈርድብኛል?"

የቃሬዛው መጋረጃ ተገለጠ። ንግሥቲቱ ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ጉንጫቸው እንደ ደረቀ ፍሬ የተጨማደደ ነው። "ሻለቃ፣ ዓይኑ የጠፋው ዛሬ ነው እንዴ እንደዚህ የምትጮኸው?"

"እመቤቴ፣ ሰውየው ሲያታልለን ኖሯል።"

"እኔን አላታለለኝም። አምና በልደቴ ቀን ቀይ ጽጌረዳ ይዞ መጥቶ፣ 'እመቤቴ፣ ነጯን ይቀበሉኝ' ያለኝ ዕለት አውቄአለሁ። ያቺ ልጅ ደግሞ ከአጠገቡ ሆና እስክትሞት ትስላለች።" የንግሥቲቱ ከንፈር ሊስቅ ዳድቶት ተመለሰ። "ዓይን ያለው ሰው ብፈልግ አንተ ነበርህልኝ። ረግረጉን የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው። ደግሞም ዓይኑን ይዞ ነው የመጣው፤ ምርኩዙን ይዛለች። ይልቅ ምን እንዳሳታቸው ጠይቃቸው።"

"እኔ ነኝ" አለች መርፌ። "ቀለሙን አይቼ ደስ አለኝ። ሌላ አላየሁም።"

"አይደለም፤ እኔ አልጠየቅኋትም" አሉ አባ ቅጠል። "ቸኮልኩ። እነዚህ አበቦች ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ከፊት አይለዩም። አንዷ ደረቅ መሬት ላይ ነው የምትኖረው። ሌላዋ ማጥ ውስጥ። ልጄ፣ አንዷን አገዳ በጣትሽ ቆንጥጫት።"

መርፌ ቆነጠጠች። አገዳው እንደ ገለባ ጭፍልቅ አለ። "ውስጡ ባዶ ነው።"

"እንግዲያው ከሥሩም ባዶ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ደረቅ የምትወደዋ ውስጧ ድፍን ነው። እሷን ፈልጊልን።"

ሻለቃው ምርኩዙን ከጭቃ አንሥቶ ለመርፌ ሰጣት። እሷም ተንበረከከች። ቀሚሷን ከወገቧ ሸጉጣ፣ ከአበባ ወደ አበባ እየዳኸች፣ አገዳ ትቆነጥጣለች። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከዚያ በስተግራ በኩል አንዱ በጣቶቿ መሐል አልጨፈለቅ አለ፤ አጠገቡ ያለውም፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። በዚያ ሁሉ ቢጫ ውስጥ ለዓይን የማይታይ፣ ለጣት ብቻ የሚታወቅ ቀጭን መንገድ ነበር። እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ አንዳንዴ ከአንድ ክንድ አይሰፋም። መርፌ ጣቶቿን አምና ሄደች። ጥልፍ ስትጠልፍም እንዲህ ነበር፤ ከጨርቁ ጀርባ ያለችውን ክር ዓይን አያያትም፣ ጣት ግን ታገኛታለች። ንቦቹ ጭንቅላቷ ላይ ይዘምራሉ። የቃሬዛው ተሸካሚዎች እሷ በረገጠችበት ብቻ እየረገጡ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተከተሉ።

ሜዳው መሐል ላይ መሬቱ እንደ ጉብታ ያበጠበት ቦታ ደረሱና ቃሬዛውን ለጥቂት ጊዜ አሳረፉ። መርፌ አጠገብ አባ ቅጠል ተቀመጡ። እጇን ፈልገው አገኙትና የቆሸሹ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ።

"ተላላጡ" አሉ።

"ይድናሉ።"

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ የሞተ ማግስት የአበባ ቅጠል አስቆጠርኩሽ። ተቀይመሽኛል።"

ከሩቅ ወፏ ያንኑ ቃሏን ተናገረች።

"ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምልሽ ሳስብ አደርኩ። የሚባለውን ሁሉ ፈለግሁ። የሚሆን አጣሁ። ካልጠራሁሽ ደግሞ ከክፍልሽ የማትወጪ መሰለኝ። ከአንቺ ጋር የማወራው ሌላ ምን ነበረኝ?"

ተነሡ ሲባል መርፌ ክርናቸውን ይዛ አነሣቻቸው። እጇ እንደወትሮው ጫን ብሎ አልለቀቀም፤ እዚያው ቆየ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር ቢጫው ሜዳ አለቀና ሸምበቆ ውስጥ ገቡ። እዚህ ጉሙ እንደ ጭስ ተጋድሟል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ከእግር በታች ያለው መሬት እንደ ፍራሽ ይነጥራል። መርፌ ከሸምበቆው መሐል ሐመር ሊላ አበባ አይታ ነገረቻቸው፤ አገዳው በሁለት ጎን ስስ ክንፍ አለው።

"የረግረግ ጓያ ነች። እሷ ውሃ ላይ ነው የምትቆመው" አሉ አባ ቅጠል። "ሣሩ ይሸከማችኋል፤ ግን አትቁሙ። ከቆማችሁ ይከፈታል። ሂዱ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ።"

የሄዱት ጥቂት ነው። ከፊታቸው፣ ከጉሙ ጀርባ፣ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ሁለት፤ ከዚያ እንደ ተበተነ ሽምብራ ተከታታይ፤ ጠሽ፣ ጠሽ ጠሽ፣ ጠሽ።

ሻለቃው እጁን አነሣ። ሁሉም ቆሙ። "ነፍጥ" አለ በሹክሹክታ። "ቀድመውናል። የባሕሩን ዳር ይዘው እየተኮሱ ነው። ወደ ጉብታው ተመለሱ፤ ሲመሽ እንሞክራለን።"

"ሲመሽ መርከቧ የለችም" አሉ ንግሥቲቱ።

አባ ቅጠል ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ግን ፍርሃት አይደለም፤ የድሮ ወዳጁን ድምፅ ከበር ውጭ የሰማ ሰው ይመስላሉ። "ዛላ ነው" አሉ።

"ምን?"

"መጥረጊያ የሚሠሩበት ቁጥቋጦ። እሱም የአተር ዘመድ ነው። ዛላው ሲደርቅና ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ፍሬውን ይረጫል። የሚበቅለው አሸዋ ላይ ነው፤ ጠብታ ውሃ በሚደርቅበት ኮረብታ ላይ። ሻለቃ፣ ደርሰናል።"

"ሽማግሌ፣ እኔ ነፍጥ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።"

"እኔም ዛላ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት።"

ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱ ተቁነጠነጠ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፁ ከማዶ እንደገና መጣ፤ ጠሽ ጠሽ። ወታደሮቹ ሻለቃውን አዩ፤ ሻለቃው ንግሥቲቱን አየ። ንግሥቲቱ መጋረጃቸውን እንደያዙ ጉሙን አዩ፤ ከጀርባው ያለውን ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

"እኔ ሄጄ አያለሁ" አለች መርፌ።

አባ ቅጠል ክንዷን ጨበጡ። "አይሆንም።"

"ዛላ ነው አላሉም?"

"ነው ብያለሁ።"

"ይሳሳታሉ?"

ሽማግሌው እንደገና አዳመጡ። ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። "አልሳሳትም" አሉ በመጨረሻ። "ግን አትሂጂ። ለነዚህ ሁሉ ሰዎች ስናገር አልፈራሁም። አንቺ ስትሄጂ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።"

"እንግዲያው እኔ አምንልዎታለሁ" ብላ ጣቶቻቸውን ከክንዷ ላይ በቀስታ አላቀቀች።

ብቻዋን ገባች። ከኋላዋ ሰዎቹ ወዲያው ጠፉ፤ ጉሙ እንደ በር ተዘጋ። ድምፁ በቀረበች ቁጥር እየጎላ፣ በግራም በቀኝም እየሆነ መጣ፤ የተከበበች መሰላት። ጥይት ቢሆን እስካሁን አንዱ ያገኘኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ይህን እያሰበች ጉንጯን አንድ ነገር መታት። እጇን ሰደደች። ደም አልነበረም። ወረቀት የመሰለው የዛላው ቁራጭ ጥምዝዝ ብሎ ጣቷ ላይ ቀረ።

ቀና ስትል ጉሙ ከወገቧ በታች ቀርቷል። ከፊቷ የአሸዋ ኮረብታ፣ በኮረብታው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ቁጥቋጦዎች፤ ገሚሱ ገና ወርቅ የመሰለ አበባ አለው፣ ገሚሱ ጥቁር ዛላ። ፀሐዩ ውስጥ ዛላዎቹ አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ፤ ፍሬው እየበረረ አሸዋው ላይ ይረግፋል። ሰው የለም። ወታደር የለም። መርፌ እግሯ ሥር ያለውን መሬት ረገጠች፤ ደግማ ረገጠች። አልነቃነቅ አለ። ሳቋ መጣ፤ ከድልድዩ ዜና ወዲህ ስቃ ስለማታውቅ ድምፁ የሷ አልመስል አላት። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ ዛላው ግን ጠሽ ጠሹን አላቋረጠም።

ከዚያ ወደ ጉሙ ዞራ ተጣራች፦ "ዛላ ነው። ኑ። ዛላ ነው።"

መጀመሪያ የወጡት ንግሥቲቱ ናቸው፤ ቃሬዛውን ትተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እግራቸው ወደ አሸዋው ወጡ። ሻለቃው ደግሞ አባ ቅጠልን ደግፎ፣ ጭቃውን ራሱ ከፊት እየሞከረ አመጣቸው። ደረቁ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማየት የማይችል ሰው ፊት መሆኑን የረሳ ይመስላል። "ይቀመጡ አባቴ" አላቸው። "አፌ ባለጌ ነው፤ ይማሩኝ።"

"የነፍጥ ድምፅ በትክክል ምን ይመስላል?" አሉ አባ ቅጠል። "ከቅርብ ሰምቼው አላውቅም።"

"ይሄንኑ ነው የሚመስለው" አለ ሻለቃው። ሁለቱም ሳቁ።

አንዲት ጀልባ ከመርከቧ ተነሥታ ስትቀርብ ንግሥቲቱ አባ ቅጠልን፣ "ከኔ ጋር ና። የምደርስበት አገር ንጉሥ የአትክልት ቦታ ይወዳል ይሉታል" አሏቸው።

"ባሕር ላይ የአተር ዘመድ አይበቅልም እመቤቴ።"

"ዘውዱን የጫነው ልጅ ቤትህን ያፈርሰዋል።"

"ያፍርሰው። የቤቱን ግድግዳ እንደሆነ ሳላየው ከርሜአለሁ።"

ንግሥቲቱ ጭንቅላታቸውን እንደ ሕፃን ደባበሱላቸውና ወደ ውሃው ወረዱ። ሻለቃውና ሰዎቹ ተከተሉ። ነጂው ብቻ ቀረ፤ በቅሎዋን መርከብ ላይ ማን ያሳፍርልኛል ብሎ ጨው ነጋዴዎቹ ወደሚሰፍሩበት ሊወስዳት ወሰነ። አሁን ሻሹን ከዓይኗ ፈትቶላታል።

አባ ቅጠል አሸዋው ላይ ተቀምጠው ወደ ባሕሩ ዞሩ። ምንም አልጠየቁም። መርፌ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች። ውሃው ዳር ዳሩን እንደ ሻይ ቡናማ እንደሆነ፣ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ስም የሌለው ቀለም እንደሚሆን ነገረቻቸው፤ እሷ ብታገኘው ከብር ክርና ከሰማያዊ አደባልቃ እንደምትሠራው። ጀልባዋ ላይ ንግሥቲቱ ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ሻለቃው ቁጭ ይበሉ እያለ እንደሚለምናቸው። ሸራው ተነሥቶ፣ ነፋስ ሞልቶት፣ መርከቧ እንደ አተር አበባ ሰንደቋን ከላይ፣ ክንፎቿን በጎን አድርጋ ስትሄድ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ትንሽ ከፍተው አዳመጧት። እንባቸው ወርዶ ጺማቸው ውስጥ ሲገባ አልጠረጉትም።

መርከቧ ከዓይን ስትጠፋ መርፌ፣ "የእናቴ ቤት ጓሮ ኮረብታ አለ" አለች። "ልጅ ሆኜ እወጣበት ነበር። የሚያብብ ነገር ሞልቶታል። ማንነታቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም።"

አባ ቅጠል ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ። "መሬቱ ደረቅ ነው እርጥብ?"

"አላስታውስም።"

"ጥላ አለው? ድንጋይ ይበዛዋል?"

"ይነሡ" አለች መርፌ ምርኩዙን እያቀበለቻቸው፤ "ነጂው እየጠበቀን ነው።"